ከተራራ ስኖውሞቢል ላይ 17 ኪሎ እንዴት ይወርዳል?

የዛሬ ሦስት ዓመት የካቲት ላይ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ከስቲምቦት ስፕሪንግስ በላይ፣ ራቢት ኢርስ ፓስ አካባቢ፣ ስኖውሞቢሌ (ከፊት ስኪ ያለው፣ በረዶ ላይ የሚነዳ ማሽን) አንድ ጥድ ሥር ገብቶ ሰመጠ። በረዶው ደረቴ ድረስ ነበር። ከጓደኛዬ ጋር የኋላውን ባምፐር ጨብጠን "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!" አልን። ንቅንቅ አላለም። አካፋ አወጣን፣ ቆፈርን፣ ትራኩ (ከሥሩ የሚዞረው ሰፊ የጎማ ሰንሰለት) ሥር በረዶ ጠቀጠቅን፣ እንደገና ጎተትን። አርባ ደቂቃ ፈጀብን። በመጨረሻ ሲወጣ ሁለታችንም በጀርባችን ተንጋለን ስናለከልክ ቆየን።

ከዚያ ቀን በፊት የማስበው ስለ ፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ኦሮራ በተመለስኩ በሳምንቱ ግን ሚዛን ገዛሁ።

ከዚያ ወዲህ 17 ኪሎ አውርጃለሁ። ለዚህ ያወጣሁት ከ4,000 ዶላር ትንሽ ይበልጣል። አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ ግማሹን ብር አላወጣም ነበር። ስለዚህ እኔ በሄድኩበት ቅደም ተከተል ሳይሆን፣ መሄድ በነበረብኝ ቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ኪሎው ለምን ይህን ያህል ያስቸግራል?

ኮሎራዶ ውስጥ የምንነዳው ከፍታ ላይ ነው። ቬይል ፓስ 3,250 ሜትር ገደማ ይሆናል። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። 165 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ የተገዛ ሞተር እዚያ ሲደርስ 115 አካባቢ ይቀረዋል። መኪና ጭኖ እንጦጦን የወጣ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የተራራ ስኖውሞቢል ያለ ቤንዚንና ያለ ፈሳሽ 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቤንዚኑ፣ ዘይቱና የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ሲጨመሩበት 240 ይጠጋል። እኔ ከነልብሴና ከነቦርሳዬ 95 ኪሎ ነኝ። ድምሩ 335 ነው። ከዚህ ላይ 17 ኪሎ ማውረድ 5 በመቶ ያህል ነው። ጉልበት ብንለው ስድስት ፈረስ ቢሆን ነው። ቀጥ ብሎ ዳገት ለመውጣት ብቻ ከሆነ ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም።

ለውጡ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። ተራራውን በጎን ስታቋርጡ ስኖውሞቢሉን በአንድ ጎኑ አቁማችሁ የምትይዙት በክንዳችሁ ነው። ሲሰምጥም የምታነሱት በወገባችሁ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ገና ጉልበት ይኖራችኋል ወይስ አይኖራችሁም? ኪሎው የሚቆጠረው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ መዝኑ

ሁለት ሚዛን ይበቃል። አንዱ ሻንጣ የሚመዘንበት፣ መንጠቆ ያለው ትንሹ ሚዛን ነው። ሌላው ቤት ውስጥ ሰው የሚቆምበት ሚዛን ነው። የምትፈቱትን ዕቃ ሁሉ በትንሹ መዝኑና ጻፉ። በአራት ዓምድ አድርጉት፦ የድሮው ክብደት፣ የአዲሱ ክብደት፣ ዋጋ፣ አንድ ኪሎ ለመቀነስ ስንት ዶላር እንደወጣ።

ይህች አራተኛዋ ዓምድ ዓይን ትከፍታለች። ሻጮች "እስከ ይህን ያህል ይቀንሳል" ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድሩት ከከባዱ ሞዴል ጋር ነው። የእናንተ ላይ ያለው ዕቃ ቀድሞውንም ቀላል ሊሆን ይችላል። ሳትመዝኑ አትግዙ።

በነፃ የሚወርደው

ይህን ክፍል ሰው ሁሉ ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ነበር።

አንድ ቀን ማታ ከግራንድ ሌክ ስመለስ ስኖውሞቢሉን ሳላራግፍ ሞቃት ጋራዥ ውስጥ አስገባሁት። ሥሩ ሰፊ ሳፋ አደረግሁ። ጠዋት ስነሳ ሳፋው ሞልቶ ወለሉ ረጥቧል። ውኃውን በባልዲ ስቀዳው ከአንድ ባልዲ አልፎ ሁለተኛው ግማሽ ደረሰ። 15 ሊትር ገደማ፣ 15 ኪሎ ማለት ነው። ያ ሁሉ መርገጫው ላይ፣ ከትራኩ በላይ ባለው ዋሻና ትራኩን በተሸከሙት ብረቶች መካከል ድንጋይ ሆኖ የተጣበቀ በረዶ ነበር። ብሎን በብሎን እየቆጠርኩ ግራም ስቀንስ ከርሜ 15 ኪሎ በረዶ ተሸክሜ እሄድ ነበር!

ስለዚህ በየዕረፍቱ የጎማ መዶሻ አንሡና መርገጫውንና ዋሻውን መታ መታ አድርጉ። ቀስ ብላችሁ ነው፣ ራዲያተሩ እዚያው ነው። ምሳ ላይ ሲቆም ሙቀቱ በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ከዚያ መልሶ ይጋገራል። ከመቆማችሁ በፊት ለስለስ ያለ በረዶ ላይ ጥቂት ፈጠን ብላችሁ ብትነዱ ብዙው ይራገፋል። የመርገጫው ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው የአሉሚኒየም መርገጫ ይሸጣል። ራሱ ብዙ አይቀንስም፤ በረዶ ስለማይዝ ግን ያዋጣል።

ሌላው ቦርሳ ነው። የኋላው ቦርሳ ውስጥ ያለውን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግፉት። የእኔ ውስጥ ሁለት ዓይነት የቁልፍ ስብስብ፣ ያልተከፈተ የዘይት ጣሳና ካለፈው ዓመት የቀረ ጭማቂ ነበር። ሦስት ኪሎ ወረደ፣ ያለ አንድ ሳንቲም።

ቤንዚን በሊትር ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ነው። 36 ሊትር የሚይዝ ታንክ ሲሞላ 27 ኪሎ ይሆናል። አጭር ዙር ለመንዳት ታንኩን አለመሙላት ይቻላል። እኔ ሲሶውን ለመሄጃ፣ ሲሶውን ለመመለሻ፣ ሲሶውን ለክፉ ቀን እይዛለሁ። ጥልቅ በረዶ ቤንዚን ይጠጣል፤ በዚህ ላይ ደፋር አትሁኑ።

ባትሪና ሞተሪኖ

በብር ከሚወርደው ሁሉ ርካሹ ኪሎ ይህ ነው። የእኔ የሊድ ባትሪ 5.6 ኪሎ ነበር። በሊቲየም አይረን ፎስፌት ስተካው 1.4 ሆነ። 4.2 ኪሎ በ200 ዶላር! ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ፣ ሲገጠም መጨረሻ ላይ ኔጌቲቩን እሰሩ። አዲሱ ባትሪ ትንሽ ስለሆነ በቦታው እንዳይንገጫገጭ በስፖንጅ ሙሉት።

ብርድ ላይ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ጠዋት ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ነበር። ቁልፉን ስጫን "ጠቅ" ብሎ ዝም አለ። ሞቷል ብዬ አዘንኩ። አልሞተም፤ ቀዝቅዞ ነበር። መፍትሔው የእጀታውን ማሞቂያ ወይም መብራቱን ለጥቂት ደቂቃ ማብራት ነው። ባትሪው ትንሽ ኃይል ሲያወጣ ከውስጥ ይሞቃል፤ ከዚያ ሞተሩን ያነሳል። ሞተሩ ሳይነሳ ማሞቂያ ማብራት የማይቻልበት ሞዴል ካላችሁ ባትሪውን ሌሊት ቤት አሳድሩት። ሁለት ነገር ደግሞ አትርሱ፦ ይህን ባትሪ ከዜሮ በታች ቻርጅ አታድርጉ። ለሊድ ባትሪ የተሠራ፣ "ማደሻ" የሚል ሥርዓት ያለው ቻርጀርም አትጠቀሙ።

ሞተሪኖውንና ባትሪውን ጭራሽ አውልቀው በገመድ ብቻ የሚያስነሱ ሰዎች አሉ። ከሽቦው ጋር ስምንት ኪሎ አካባቢ ይወርድላቸዋል። እኔ አላደረግሁትም። ዛፍ መሐል ተዳፋት ላይ በአንድ እግር ቆሞ ገመድ መጎተት ከባድ ነው። ትከሻዬም ችግር አለበት። እናንተ ካሰባችሁት ሞዴላችሁ ያለ ባትሪ የሚሠራ መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጡ። ስኪ-ዱ የተባለው አምራች ሾት የሚለው ሥርዓት መካከለኛ መንገድ ነው። ጠዋት በገመድ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ በባትሪ ፋንታ ኃይል የሚያጠራቅም ካፓሲተር በቁልፍ ያስነሳዋል። አዲስ ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ይህን ተመልከቱ።

ማርሚታ

የፋብሪካው ማርሚታ (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ጣሳ) 5 ኪሎ ገደማ ነው። ቀላሎቹ 2 ኪሎ አካባቢ ናቸው። እኔ 3.1 ኪሎ በ450 ዶላር ቀንሻለሁ። የሚወርደው ኪሎ ያለበት ቦታም ጥሩ ነው፤ ከፊትና ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ መሪው ላይ ይታወቃል።

የምናወራው ስለ መጨረሻው ጣሳ ብቻ ነው። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ሆዳም ቱቦ ሌላ ነገር ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ያ ቱቦ ቅርጹ ራሱ ጉልበት ይሠራል። እሱን ከቀየራችሁ የቤንዚን አመጣጠኑንና ፍሪሲዮኑን እንደገና ማስተካከል ሊኖርባችሁ ነው። ለክብደት ብቻ ብላችሁ አትንኩት።

አሠራሩ ይህ ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የጎን ሽፋኑን አውልቁ። ማርሚታውን የያዙትን ሞላዎች በሞላ መሳቢያ መንጠቆ አንድ በአንድ አላቅቁ። ፒንሳ አትጠቀሙ፤ ያመልጥና ዓይን ያጠፋል፤ መነጽርም አድርጉ። የሙቀት መለኪያ ሽቦ ካለ ቀስ ብላችሁ ንቀሉት። መጋጠሚያውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ጓርኒሲዮኑን (መጋጠሚያውን የሚያሽገውን) በአዲስ ተኩ፣ አዲሱን ጣሳ አስቀምጡ፣ ሞላዎቹን መልሱ።

ጓርኒሲዮኑን ያልኩት በምክንያት ነው። እኔ "አሮጌው ይሠራል" ብዬ መለስኩት። ሁለተኛው ቀን ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሽፋኑን ስከፍት ውስጡ እንደ ሰም ቀልጦ ተጨማድዷል። በመጋጠሚያው የሚያመልጠው ጋዝ ቀጥታ እሱ ላይ ሲነፍስ ውሏል። ይህ ሁሉ ለአሥራ ሁለት ዶላር ጓርኒሲዮን ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁንም ጠይቁ። በጣም ቀላሎቹ ጣሳዎች ውስጣቸው ባዶ ስለሆነ ጆሮ ይበሳሉ። የድምፅ ገደብ አለ፤ ከገደቡ በላይ ይዞ የተገኘ ይቀጣል። ከቅጣቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የምንነዳበት መሬት አብዛኛው የመንግሥት ደን ነው። በእግርና በስኪ የሚሄዱ ሰዎች በጩኸት ሲማረሩ የሚዘጋው መንገድ የሁላችንም ነው።

እስከዚህ 7.3 ኪሎ በ650 ዶላር ወርዷል። ብር ካጠራችሁ እዚህ ላይ ብትቆሙ ምንም አይቀርባችሁም።

መቀመጫ፣ ባምፐር፣ ሾክ አብዞርበር

መቀመጫ 2.4 ኪሎ በ480 ዶላር ሰጠኝ። ተራራ ላይ የሚነዳው ቆሞ ስለሆነ ስስ መሆኑ አይቆረቁርም። ረጅም መንገድ ተቀምጦ ለሚነዳ ግን አይመከርም። ከፍታውን ከድሮው ጋር አስተያዩ፤ አንዳንዶቹ ዝቅ ስለሚሉ መነሳቱ ጉልበት ይፈጃል።

የኋላ ባምፐር የቀነሰልኝ 0.9 ኪሎ ብቻ ነው። ሲሰምጥ የምትይዙት እሱን ስለሆነ ስትመርጡ በጓንት ሞክሩት። ቀጭኑ ጣት ይቆርጣል።

ከፊት ያሉትን የብረት ሞላ ሾኮች በአየር በሚሠሩ ስቀይር 1.8 ኪሎ ወረደ፤ ዋጋው ግን 1,100 ዶላር ነው። አየር ደግሞ በብርድ ይኮማተራል። ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ያስተካከላችሁት ግፊት ተራራው ላይ ወርዶ ይገኛል። ስለዚህ ትንሿን ፓምፕ ይዛችሁ ሂዱና ስኖውሞቢሉ ውጭ ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ እዚያው አስተካክሉ። ዛሬ ብጠየቅ ይህን አልገዛም ነበር።

ከሰንሰለት ወደ ቺንጋ

ይህ ከባዱ ሥራ ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የወደድኩት ለውጥ ይህ ነው።

ከሞተሩ የሚመጣውን ኃይል ወደ ትራኩ የሚያወርደው በብዙ ስኖውሞቢሎች ላይ ዘይት ውስጥ የሚዞር ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ፣ የሚዞርባቸው ባለ ጥርስ ጎማዎች፣ የታሸገበት ሳጥንና ዘይቱ ተደምረው ይከብዳሉ። በዚያ ፋንታ ጥርስ ያለው ቺንጋ መግጠም ይቻላል። ፖላሪስ የተባለው አምራች ከ2013 ሞዴል ጀምሮ ፕሮ አርኤምኬ የተባለው ስኖውሞቢሉ ላይ ከፋብሪካው ቺንጋ አድርጎ አውጥቷል። ለሌሎቹም መግጠሚያው ለብቻው ይሸጣል። እኔ 4 ኪሎ በ1,300 ዶላር ቀነስኩ።

በዋጋ ሲታይ ውድ ነው። ነገር ግን ከዚህ 4 ኪሎ ውስጥ ብዙው የሚዞር ዕቃ ነው። ቆሞ ያለን ክብደት ሞተሩ ወደ ፊት መግፋት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የሚዞረውን ግን መግፋትም ማሽከርከርም አለበት። ጋዝ ስትሰጡ ትራኩ ቶሎ ይነሳል፤ ጥልቅ በረዶ ውስጥ ያቺ ቅጽበት ናት መስመጥና መውጣትን የምትለየው። ቀላል የፍሬን ዲስክና ቀላል ትራክም የሚጠቅሙት በዚሁ ምክንያት ነው። ትራክ ለመቀየር ሲደርስባችሁ እንግዲህ ኪሎውን ጠይቁ፤ ያልደረሰውን አውልቃችሁ አትጣሉ።

የእያንዳንዱ ሞዴል አፈታት ስለሚለያይ ከመግጠሚያው ጋር የሚመጣውን መመሪያ ተከተሉ። እኔ ከልምድ የምጨምረው ይህን ነው። ዘይቱን በደንብ አንጠፍጥፉ፣ ቺንጋ ላይ አንዲት ጠብታ እንዳትደርስ። ዘንጎቹ ሲወጡ ኩሽኔታዎቹን በጣት አዙሯቸው፤ ሻካራ ድምፅ ካሰሙ አሁኑኑ ተኩ። ሁለቱ ባለ ጥርስ ጎማዎች በአንድ መስመር መቆማቸውን በቀጥ ያለ ማስመሪያ ፈትሹ። ትንሽ ከተዛነፈ ቺንጋው ጠርዙን እየበላ ያልቃል። ሽፋኑን ስትዘጉ ጠጠር አለመቅረቱን እዩ።

በአንዳንድ ሞዴሎች የፍሬኑ ዲስክ ያለው በላይኛው ዘንግ ላይ ነው። እንደዚያ ከሆነ ቺንጋው ቢበጠስ ፍሬኑ ትራኩን መያዝ አይችልም። ቁልቁለት ላይ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ በየጥቂት ጉዞው ሽፋኑን ከፍታችሁ የተሰነጠቀ ጥርስ ወይም የተተለተለ ጠርዝ ፈልጉ። እጃችሁ ለዚህ ሥራ ካልተፍታታ ለባለሙያ ስጡት።

የቲታኒየም ብሎን

ቲታኒየም ከብረት በ40 በመቶ ገደማ ይቀላል። ያማረም ነው። እኔ በ350 ዶላር ብሎን 0.6 ኪሎ ቀነስኩ። በኪሎ ሲሰላ ከ580 ዶላር በላይ ነው፤ ከሾኮቹ ቀጥሎ ከሁሉም ውዱ።

ማድረግ ካማራችሁ ለሽፋን፣ ለመቀመጫና ለመርገጫ ብቻ አድርጉት። የመሪውን፣ የፍሬኑንና የስኪውን ክንዶች የፋብሪካ ብሎን አትንኩ። ለክፍሉ የተመረጠው ጥንካሬ በምክንያት ነው። አሉሚኒየም ብሎን ደግሞ እዚያ ቦታ ጨርሶ አይታሰብም። ቲታኒየም ቲታኒየም ላይ ሲጠብቅ ይነክሳል፤ ዳዶው መሐል ላይ ይያዝና ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም። ጥርሱን መንከሻ መከላከያ ቅባት ሳትቀቡ አንዷንም አትሰሩ።

የማይወርደው

የኋላውን የበረዶ መከላከያ ጎማ ቆርጠው የሚጥሉ አሉ። ያ ጎማ በረዶውን ወደ ራዲያተሩ ይመልሳል። ሲቆረጥ ሞተሩ ጠንካራ መንገድ ላይ ይግላል፤ ከኋላ ያለው ሰውም ፊቱ ላይ በረዶ ይቀበላል። ከትራኩ ውስጥ ትንንሽ ጎማ የሚያወልቁም አሉ። ትራኩ የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ በቂ በረዶ ካላገኘ ይቀልጣል፤ በረዶ የሚጭሩ ሽቦዎች ካላስገባችሁ ይቅር። ዋሻውን በመሰርሰሪያ መብሳትም እንዲሁ ነው፤ ጠቅላላው አካል የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ከምንም በላይ የበረዶ ናዳ ዕቃ አይነካም። ቢከን (የተቀበረውን ሰው ያለበትን የሚጠቁም ሬዲዮ)፣ አካፋ፣ መፈለጊያ ዘንግ፣ በናዳ ጊዜ የሚነፋ የአየር ቦርሳ። የአየር ቦርሳው ሦስት ኪሎ አካባቢ ስለሆነ ሰው ዓይኑን ይጥልበታል። ኮሎራዶ ላይ የበረዶው ንብርብር ደካማ ነው። የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ ትንበያ ያወጣል፤ ሳያነቡ መውጣት የለም። ትርፍ የፍሪሲዮን ቺንጋና እሱን የሚቀይር መሣሪያም ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

ከገጠማችሁ በኋላ

ክብደቱ ሲቀየር አቀማመጡም ይቀየራል። የእኔ ማርሚታና ሰንሰለት በቀኝ በኩል ስለነበሩ ስኖውሞቢሉ ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረ። የግራውን የፊት ሾክ ጥቂት በማጠንከር አስተካከልኩት። እናንተም ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አቁማችሁ ከኋላ ሆናችሁ እዩት። የሞተሩንም ዙር ተመልከቱ። ሙሉ ጋዝ ላይ አምራቹ ከሚለው ዙር ካለፈ የፍሪሲዮኑ ክብደቶች መስተካከል አለባቸው።

የመጀመሪያውን ቀን ከመኪና ማቆሚያው አትራቁ። እኔ የነካሁትን ብሎን ሁሉ ካጠበቅሁ በኋላ ከብሎኑ ራስ እስከ አካሉ ድረስ በነጭ የቀለም እስክሪብቶ አንድ ቀጭን መስመር አሰምርበታለሁ። ሁለት ሰዓት ነድቼ ስመለስ በባትሪ መብራት አያለሁ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል። ባለፈው የመቀመጫዬ አንዱ ብሎን ሩብ ዙር ዞሮ አገኘሁት። አጠበቅሁት፣ አዲስ መስመር አሰመርኩበት፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጣን።